ተመርጣለች

አንድ ወላጅ ስለ ልጁ ሊሰማ ከሚመኛቸው ቃላት መካከል «ተመርጣለች» የሚለውን የሚያህል አላውቅም። ቃሉ አጭር ነው፤ የሚከፍተው በር ሰፊ ነው፤ ከበሩ ማዶ ያለውን ግን አያሳይም። ዘንድሮ ይህ ቃል ወደ ቤቴ ገባ፤ ገብቶም እንቅልፍ ነሣኝ።

የመጀመሪያ ልጄ ዐሥራ አራት ዓመቷ ነው። ስምንተኛ ክፍል ናት፤ 1,500 ሜትር ትሮጣለች። የምንኖረው ደሴ ነው፤ ከጦሳ ተራራ ሥር፣ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ። ቅዳሜ ቅዳሜ የሐረጎን ጠመዝማዛ በሚኒባስ ወርደን ኮምቦልቻ እንገባለን። እዚያ ከፍታው ወደ 1,850 ሜትር ዝቅ ይላል፤ አየሩ ይሞቃል፤ ትንፋሽም ይረዝማል። ከፍ ብሎ መኖርና ዝቅ ብሎ ፍጥነትን መለማመድ የስፖርት ሳይንስ የሚመክረው ነው። ለእኛ ግን ሳይንስ ከመሆኑ በፊት የሃያ አምስት ኪሎ ሜትር መንገድ ነው።

ምልመላው የተካሄደው ኮምቦልቻ ነበር። ልጆቹ ቁጥራቸውን በመርፌ ቁልፍ ደረታቸው ላይ ሰክተው ሲያሟሙቁ፣ እኛ ወላጆች ወረቀት የሞላ ፌስታል ይዘን ሜዳው ዳር ቆመናል። የትምህርት ማስረጃ፣ የቀበሌ ደብዳቤ፣ የልደት ምስክር ወረቀት። ብዙውን ሰው ያስጨነቀው የኋለኛው ነው። የልደት ምዝገባ በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ ሲሆን፣ እነዚህ ልጆች የተወለዱት ከዚያ በፊት ነው። የብዙዎቹ ዕድሜ ያለው በክርስትና ወረቀት፣ በክትባት ካርድ፣ አለዚያም «የጤፍ አጨዳ ጊዜ ነበር» በምትል እናት ትዝታ ውስጥ ነው። አንድ ሰው ጠጋ ብሎ «ሁለት ዓመት ቀንስላት፤ ይጠቅማታል» አለኝ። እኔ የባንክ ሠራተኛ ነኝ፤ ስርዝ ድልዝ ያለበት ቼክ እንደማይከፈል ለደንበኞች ስናገር የምውል ሰው ነኝ። ልጄን በተደለዘ ቁጥር ወደ ዓለም ልልካት አልፈለግሁም።

አጠገቤ ከተሁለደሬ የመጡ አንድ ሽርጥ ያደረጉ አባት ነበሩ።

«የኔ ልጅ፣ እነዚህ ሰዎች ከወሰዷት በኋላ ተጠያቂው ማነው?» አሉኝ።

እንደማላውቅ ነገርኳቸው።

«አብሽር፣ እንጠይቃለና! የዚችን ታላቅ ለጂዳ ሸኝቻለሁ። ያን ጊዜ ደላላው ያወራል፣ እኛ እንሰማለን። ዛሬ እኔ ልጠይቅ ነው የመጣሁ።»

ወሎ ልጅ መሸኘትን ያውቃል። ከደሴም ከኮምቦልቻም ከየገጠሩም ስንቷ ልጅ ወደ ዐረብ አገር እንደተሸኘች ለዚህ አንባቢ መንገር አያሻም። ሩጫና የሰው ቤት ሥራ አንድ አይደሉም፤ አንዱን በሌላው ማጠልሸትም አልሻም። ነገር ግን የሩቅ ቦታ፣ ለጋ ልጅ፣ የቤተሰብ ተስፋና በሌላ ሰው እጅ ያለ ወረቀት በሁለቱም መንገድ ላይ ይገኛሉ።

የሩጫው መንገድ ታላላቆችን አፍርቷል። ደራርቱ ቱሉ፣ ቀነኒሳ በቀለና ጥሩነሽ ዲባባ ከአርሲዋ በቆጂ ወጥተዋል፤ በጥሩነሽ ስም የተሰየመ ማሠልጠኛም አሰላ ላይ ተገንብቷል። መቻልንና ንግድ ባንክን የመሰሉ ክለቦች ለሯጮቻቸው ደመወዝ ሲከፍሉ ኖረዋል። ያችው በቆጂ ግን እ.ኤ.አ. በ2012 በወጣው «የሯጮች ከተማ» በተሰኘ ዘጋቢ ፊልም ሌላ ገጿን አሳይታለች። ሁለት ጓደኛሞች ልጃገረዶች ከቤታቸው ርቀው ወደየማሠልጠኛቸው ሲገቡ የጠበቃቸው ኑሮ እኩል አልነበረም። ሁለቱም ግን «ተመርጠው» ነበር።

ለአዳሪ ሥልጠና መመረጧ የተነገረን ዕለት ማታ፣ ከልጄና ከእናቷ ጋር ተቀምጠን ሰባት ጥያቄዎች ጻፍን። ትምህርቷን የት ትቀጥላለች? ብትታመም የሚያያት ሐኪም ማነው? በማደሪያው ሴት ኃላፊ አለች ወይ? ምን ትመገባለች? በቂ ሳይበሉ የሚሮጡ ልጃገረዶች የወር አበባቸው ሊቋረጥ፣ አጥንታቸውም ሊሳሳ እንደሚችል ሐኪሞች ያስጠነቅቃሉና ይህ የሆድ ጥያቄ ብቻ አይደለም። ጉዳት ቢደርስባት በማን ወጪ ትታከማለች፣ እንዴትስ ትመለሳለች? የውሉ ቅጂ ማን ዘንድ ይቀመጣል? ዐሥራ ስምንት ዓመት አልሞላትምና የምንፈርመው እኛ ነን። ገንዘብ ቢገኝስ በማን ስም በተከፈተ ሒሳብ ይገባል?

ጽፈን ስንጨርስ ልጄ ወረቀቱን አየችና «አባዬ፣ ሁላችሁም ተመርጣለች ትላላችሁ፤ መርጣለች ያለ ሰው ግን አልሰማሁም» አለች።

ማታ ማታ ስንኝ የምቋጥር፣ ቃል የምመዝን ሰው ነኝ። በግሥ መነሻ ላይ የምትቀመጥ አንዲት «ተ» አድራጊን ተደራጊ እንደምታደርግ በትምህርት ቤት ተምሬአለሁ። ክብደቷን ያወቅሁት ግን ያን ማታ ነው።

«እንግዲያው ምረጪ» አልናት። ሁለት ቀን አሰበች። መሮጥ ትፈልጋለች፤ መሄድም ትፈልጋለች። የምትሄደው ግን የስምንተኛ ክፍል ፈተናዋን ከጓደኞቿ ጋር ከተፈተነች በኋላ፣ በሐምሌ ነው። ይህንኑ ከጥያቄዎቹ ጋር ጽፈን ላክን። ለአምስቱ መልስ መጥቷል። ስለ ሐኪሙና ስለ ውሉ ቅጂ የተባለ ነገር የለም፤ ቦታዋ እስከ ሐምሌ ይጠበቅላት እንደሆነም አልተነገረንም። ዕድሉ ሊያመልጣት ይችላል። ይህን እያወቀች ነው የወሰነችው፤ እኔም ውሳኔዋን ልሸከም እንጂ ልሽረው አልወደድሁም።

እስከዚያው ቅዳሜ ቅዳሜ ሐረጎን እንወርዳለን፤ እሷ ትሮጣለች፣ እኔ ሰዓት እይዛለሁ። ለእሷ የቋጠርኳት ስንኝም ይህች ናት፦

እነሱ ሲለኩ የእግርሽን ፍጥነት፣
አንቺ ደግሞ ለኪ የቃላቸውን እውነት።