ወረቀት መጫኛ ያደረግሁት ድንጋይ

በተማሪነቴ ዘመን በሕንድ አገር ከአንድ ቤተ ሰብ ጋር ተቀምጬ ነበር። አንድ ቀን ነፋስ ወረቀቶቼን ቢበትንብኝ፣ ከቤቱ ጥግ ከነበረች የነሐስ ሳሕን ላይ እንቁላል የምታህል ጥቁር ድንጋይ አንሥቼ ጫንሁባቸው። የባለቤቱ እናት ይህን ባዩ ጊዜ ፊታቸው ተለወጠ። ነገር ግን አንዲት ቃል ሳይናገሩ ድንጋዩን በሁለት እጃቸው ተቀብለው በውሃ አጠቡት፤ የበሶብላ ዘመድ የሆነውን የቱልሲን ቅጠል አኖሩበትና እጅ ነሡ።

ማታ ልጃቸው ነገሩን አስረዳኝ። ድንጋዩ ሻሊግራም ይባላል፤ የሚገኘውም በኔፓል ካለው ከካሊ ጋንዳኪ ወንዝ ነው። እንደ ቀንድ አውጣ ቤት የተጠመዘዘውን ምልክት አማኞቹ የአምላካቸው የቪሽኑ መንኰራኵር ነው ይላሉ። የሰው እጅ ያልቀረጸው ስለ ሆነ ካህን ሳይቀድሰው ይመለካል። የታጠበበትን ውሃ ቤተ ሰቡ ይቀምሰዋል፤ ድንጋዩም ከአባት ወደ ልጅ ይተላለፋል።

ኋላ መጽሐፍ ባገላብጥ፣ ምልክቱ አሞናይት የተባለ የባሕር እንስሳ ቅሪት መሆኑን አገኘሁ። ዕድሜው ከ100 ሚሊዮን ዓመት ይበልጣል፤ የሂማልያ ተራራ ሳይነሣ ያ ስፍራ ባሕር ነበረና። ይህን ለልጃቸው ብነግረው ሣቀና፣ «እናቴም ሰምተዋል፤ ማጠቡን ግን አልተዉም» አለኝ።

እኔ ሃይማኖታቸውን አልተቀበልሁም። ዳሩ ግን ከዚያ ቀን ወዲህ፣ ሰው ቤት ገብቼ ዕቃ ከማንሣቴ በፊት እጠይቃለሁ። በማግሥቱ ይቅርታ ብለምናቸው፣ እናቲቱ ሻይ ቀድተው ሰጡኝ።