ለልጄ፣ ስለ ካልሲ



ወደ ሰመራ በሄድክ በአራተኛው ቀን የትራስ ልብስ ልሰፋ ብዬ የመርፌ ቆርቆሮዬን ብፈልግ አጣሁት። መሳቢያውን ብከፍት የካልሲ መስፊያ አምፖሏም የለችም። እኅትህን ብጠይቃት «እሱ ነው የወሰደው፤ ካልሲዬን እየሰፋሁ አደርጋለሁ ብሏል» አለችኝ። እዚያው አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ አልኩ። ሌላ እናት ብትሆን ልጄ ቆጣቢ ወጣልኝ ብላ ደስ ይላት ነበር። እኔን ግን እንቅልፍ ነሳኝ። በስልክ ብነግርህ «እሺ እማዬ» ብለህ ታልፈዋለህ፤ ስለዚህ ጻፍኩልህ።

ከደብዳቤው ጋር በፌስታል የታሰረ አንድ ደርዘን ካልሲ አለ። ሁሉም ነጭ ነው፣ ሁሉም ጥጥ ነው። ከእንግዲህ ካልሲ አትስፋ፣ ልጄ። ሲቀደድ ጣለው። ተረከዙ ሳስቶ ቆዳህን ማሳየት ሲጀምር፣ ገና ሳይቀደድ፣ ጣለው። መጣሉ ከከበደህ ጫማህን ወልውልበት፤ እግርህ ላይ ግን አይመለስ።

ይህን የምትነግርህ መስፋትን ያስተማረችህ እናትህ መሆኗ እንደሚገርምህ አውቃለሁ። እኔም ከእናቴ ነው የተማርኩት። በ1970ዎቹ፣ ሳሙናና ስኳር በቀበሌ ሱቅ በወረፋ በሚገኝበት ጊዜ፣ ካልሲ የሚጥል ሰው አላውቅም ነበር። እናቴ የተቃጠለ አምፖል ተረከዙ ውስጥ ትከትና ካልሲውን በላዩ ትወጥረዋለች። መጀመሪያ ክሩን ወደ አንድ አቅጣጫ ጎን ለጎን ትዘረጋለች፤ ቀጥላ ተሻግራ፣ አንዱን ከላይ አንዱን ከታች እያሳለፈች ትሸምነዋለች፤ ቀዳዳው እንደ ትንሽ ሰፌድ ሆኖ ይደፈናል። ጥርሷን ክሩ ላይ አድርጋ ቅንጥስ ስታደርገው አሁንም ይሰማኛል። ቆጣቢው አምፖል መጥቶ ክቡ ሲጠፋ አንዷን ያስቀመጥኳት ለዚህ ነው። አንተም ትምህርት ቤት እያለህ አጠገቤ ተንበርክከህ አምፖሏን ትይዝልኝ ነበር፤ እንዳትሰበር ብለህ ትንፋሽህን ውጠህ። እግዚአብሔር እነዚያን እጆችህን ይባርክልኝ።

ያንተ እግር ግን እንደ ሌላ ሰው እግር አይደለም። ባለፈው ሐኪሙ በዚያች ቀጭን የናይለን ክር ውስጥ እግርህን እየነካካ «ይሰማሃል?» ሲልህ፣ ዓይንህን ጨፍነህ አንዱንም ሳትስት መለስክለት። በሩ ሥር ቆሜ እግዜርን አመሰገንኩ። ይሁንና የስኳር በሽታ ስሜትን ሲወስድ አስታውቆ አይወስድም። ነርቩን በዓመታት ቀስ እያለ ያደነዝዘዋል፤ ጠጠር ጫማ ውስጥ ገብቶ ቀኑን ሙሉ ቢውል እንኳ እግር ለባለቤቱ አይናገርም። የተሰፋ ካልሲ ደግሞ የቱንም ያህል ቢያምር እብጠት አለው። እብጠቱ ይፈትጋል፣ ውሃ ይቋጥራል፣ ይፈነዳል፤ ሙቀትና ላብ ሲጨመርበት ያመረቅዛል። ሰመራ ደግሞ 40 ዲግሪ የሚያልፍ አገር ነው።

በሥራዬ 31 ዓመት የሰው ቁስል አጥቤያለሁ። ለስንቱ «ነጭ ካልሲ አድርግ፣ ማታ ማታ እግርህን እይ» ብዬ እንደላክሁ እግዜር ይቁጠረው።

የአባትህ እግር የቆሰለበትን የ2003 ክረምት አንተም እኔም እናውቀዋለን፤ አልጽፈውም። አንድ ነገር ግን አታውቅም፤ ለማንም ነግሬ አላውቅምና። ያቺን ቡናማ ካልሲ የሰፋሁለት እኔ ነኝ። ለልቅሶ ሊሄድ ሲጣደፍ ትንሿ ጣቱ አጠገብ መቀደዷን አየሁና በጥድፊያ ጥቅምቅም አደረግሁለት። ክሩን ስቋጥር ቋጠሮውን በውስጥ በኩል ተውሁት፤ በላይ እንዳይታይበት፣ ሰው ፊት እንዳያፍር ብዬ። ሦስት ቀን በእግሩ ወጣ ወረደ። አንድም ጊዜ አመመኝ አላለም። ከተመለሰ በኋላ ላጥብ ካልሲዋን ስገለብጣት ቋጠሮዋ ደርቃ እንደ ጠጠር ሆናለች፤ ዙሪያዋን ነክቼ ነው ቁስሉን ያወቅሁት እንጂ በቡናማው ላይ ምንም አይታይም ነበር። ከዚያ ወዲህ በዚህ ቤት ካልሲ የማጥበው ነጠላ ነጠላውን ሆነ።

እሱ አንድ ቀን እንኳ ወቅሶኝ አያውቅም። እንዲያውም ቀን ቀን በረንዳው ላይ ተቀምጦ ስንጣላ እንኳ አያነሳብኝም ነበር። ያ ነው የሚብስብኝ። አባትህ ደግ ሰው ነበር፤ ነፍሱን በገነት ያኑራት። የሱ ምርቃት ካንተ ጋር ይሁን፤ የረገጥከው ይለምልምልህ፤ እሾህ አይውጋህ፣ እንቅፋት አይምታህ።

እንግዲህ ነጩ ለምን እንደሆነ ገባህ። እንደሚቆሽሽ አውቃለሁ፤ ይቆሽሽ። ደም ወይም እዥ ጠብ ቢል ነጩ ላይ ወዲያው ታየዋለህ። ላስቲኩ እንዳያጠብቅህ ላላ ያለውን መርጫለሁ፤ ስፌቱ ከጎረበጠህ ገልብጠህ አድርገው። ማታ ስታወልቅ ውስጡን በእጅህ ዳስስ፤ እግርህን ደግሞ ከሥሩም ተመልከት፤ መስታወት መሬት ላይ አስቀምጥና በላዩ አንሳው። የጣቶችህን መካከል አድርቅ። ሌላውን ታውቀዋለህ። መድኃኒትህን ከሙቀት የምትጠብቅባትን እንስራና እርጥቡን አሸዋ አሳይቼሃለሁ፤ በዚያ አልሰጋም።

ስለ ደባልህ በስልክ የነገርከኝ ግን ልቤን ከፈለው። «በዚህ ሙቀት ካልሲ ያደርጋል እንዴ?» እያለ ይስቅብሃል አልከኝ። ደግ ልጅ ይሆናል፤ ክፉ አልለውም። የሱ እግር በነጠላ ጫማ ቢውል፣ ሌሊት ባዶ እግሩን ወደ ሽንት ቤት ቢሄድ ምንም አይሆንም ይሆናል። ይሉኝታ ይዞህ አብረህ ባዶ እግርህን እንዳትወጣ ብቻ እለምንሃለሁ። ቢጠይቅህ «እናቴ ናት» በለው። በኔ አሳብብ፤ ግድ የለኝም። ጫማህንም ከማድረግህ በፊት ገልብጠህ አራግፈው፤ በረሃ ነው።

የመጀመሪያ ደመወዝህን እንዳትልክልኝ። የጣሪያው ነገር ይቆይ፤ ክረምቱን አልፈነዋል፣ ለከርሞ እግዜር ያውቃል። ይህን ካልሲ ስትጨርስ ሌላ ደርዘን ግዛ፤ ነጩ እዚያ ከጠፋ ንገረኝና በሚመጣ ሰው እልካለሁ። በልጅነትህ ካልሲህ ሲቀደድ አዲስ ግዢልኝ ብለህ አስቸግረኸኝ አታውቅም። ዛሬ ሳስበው ያ ዝምታህ ያሳዝነኛል። ያኔ ብጠየቅ ምን ልገዛልህ ኖሯል? ግን ብትጠይቀኝ ኖሮ ደስ ይለኝ ነበር።

መርፌና ክሩ ካንተ ጋር ይቆይ፤ የሸሚዝ ቁልፍ ይበጠሳል፣ የሱሪ ጫፍ ይተረተራል። አምፖሏን ግን ደብዳቤውን ባመጣልህ ሰው መልሰህ ላክልኝ። በጨርቅ ጠቅልላት፤ ቀጭን ናት።

እመቤታችን ትጠብቅህ፣ ልጄ። የወጣህበት መንገድ ቀና ይሁንልህ። ደብዳቤዬ ሲደርስህ ልትደውልልኝ እንደምትቸኩል አውቃለሁ። ከመደወልህ በፊት ጫማህን አውልቅ፤ ሁለቱንም እግርህን ከላይም ከሥርም በደንብ እይ። ከዚያ ደውልልኝ፤ ስልኩን አጠገቤ አድርጌ እጠብቃለሁ።

እናትህ