የሸኽ ዑመር ሙኽታር «ክፍል ሁለት»

ቤታችን ቴሌቪዥን ሲገባ ከልጆቼ ጋር ስምምነት አድርገናል። ዒሻእ ሳይሰገድ አይከፈትም፤ እኔ ያላወቅሁትም ፊልም አይታይም። የደብረ ብርሃን ብርድ ገና ከመግሪብ ጀምሮ ሰውን እቤቱ ስለሚያስቀምጥ፣ ጋቢ ተከናንቦ ፊልም ማየት የክረምት ልማዳችን ሆኗል። በየዒዱ የማይቀረው የሙስጠፋ አል-ዐቃድ «አር-ሪሳላ» ነው። ከዚያ ውጭ ያየናቸው አብዛኞቹ በማግስቱ የሚረሱ ናቸው። በተለይ «ክፍል ሁለት» የሚባለው ነገር አስመርሮኛል። በቀደም ልጆቹ ያመጡት አንዱ፣ በክፍል አንድ የሞተውን ሰው ያለ አንዳች ምክንያት አስነስቶ ያችኑ መኪና እንደገና ከማቃጠል በቀር የጨመረው ነገር አልነበረም።

ባለፈው ዓርብ ማታ ግን «የበረሃው አንበሳ»ን አየን። እ.ኤ.አ. በ1981 የወጣ፣ የዚያው የአል-ዐቃድ ሥራ ነው። በ«አር-ሪሳላ» ሐምዛን ሆኖ የምናውቀው አንቶኒ ኩዊን እዚህ ሸኽ ዑመር ሙኽታርን ሆኗል። ቁርኣን የሚያስቀሩ ሽማግሌ ናቸው፤ መነጽራቸውን አድርገው ጣልያንን በሊቢያ በረሃ ሃያ ዓመት የተዋጉ። እውነቱን ለመናገር ጦርነቱ በዝቷል፤ ትንሿ ልጄ ታንኮቹ መሐል እንቅልፍ ወሰዳት። ሙሶሊኒን ሆኖ የሚጫወተውም ጩኸቱ ከልክ ያለፈ ነው። የተማረኩት ሸኽና ግራዚያኒ ፊት ለፊት ተቀምጠው የሚነጋገሩበት ትዕይንት ግን አንድ ጥይት ሳይተኮስበት ከጦርነቱ ሁሉ ይበልጣል። ጣልያን ፊልሙን እ.ኤ.አ. በ1982 የሠራዊታችንን ክብር ይነካል ብላ መከልከሏ፣ በቴሌቪዥን የታየውም በ2009 መሆኑ አያስገርምም።

ጎረቤታችን እማማ ለቡና መጥተው አብረውን ተቀምጠው ነበር። ክርስቲያን ናቸው፤ ዕድሜያቸው ከሰማንያ አልፏል። የግራዚያኒ ስም ሲጠራ ስኒያቸውን አስቀመጡ።

ፊልሙ እ.ኤ.አ. በ1931 ሸኹ ሲሰቀሉ አለቀ። መነጽራቸው ወደቀች፤ አንድ ሕፃን አነሳት። ትልቁ ልጄ ዓይኑን እየጠራረገ፣ «አባ፣ ክፍል ሁለት አለው?» አለኝ። ሳቄ መጣ። ይኸው አል-ዐቃድ ከ1978 እስከ 2002 ድረስ ለአንድ አስፈሪ ፊልም ስምንት ክፍል በገንዘብና በአመራር ደግፏል፤ ለሸኽ ዑመር ግን ሁለተኛ አልሠራም። እ.ኤ.አ. በ2005 ዐማን ውስጥ በሆቴል ላይ በተጣለ የቦምብ ጥቃት ከልጁ ጋር ሞተ። ይህን ልነግረው ስል እማማ ቀደሙኝ።

«አለው እንጂ ልጄ፤ ሁለተኛው የተሠራው እኛ ዘንድ ነው።»

ከዚያም አወሩልን። የአባታቸው ወንድም በደብረ ሊባኖስ ዲያቆን ነበሩ። ከየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. የቦምብ ውርወራ በኋላ ግራዚያኒ ገዳሙን ወነጀለ፤ ግንቦት 13 መነኮሳቱ ተረሸኑ። ዲያቆናቱ ተለይተው ወደዚህ ወደ ደብረ ብርሃን መጡ። ጣልያን ራሱ በመዘገበው 129 ሆነው ግንቦት 18 ቀን እንገጫ ላይ ተገደሉ። እንገጫ ከቤታችን ሩቅ አይደለም።

እማማ ሲያወሩ አንዲት ቦታ ላይ ቆም አሉ። ልጆቼን አዩ፤ ከዚያ «ወታደሮቹ» ብለው አለፉ። የዘለሉትን ዐውቀዋለሁ። ጄኔራል ማሌቲ ለገዳሙ ግድያ ሆን ብሎ የመረጠው ሙስሊም የቅኝ ወታደሮች ያሉበትን 45ኛውን ሻለቃ ነበር። እማማ ይህን በኛ ቤት፣ በኛ ስኒ እየጠጡ ላለመናገር ዋጡት።

እኔስ ልዋጠው? የተወለድኩት ከአንኮበር ቁልቁል አልዩ አምባ ነው፤ እስላሙና ክርስቲያኑ በአንድ ገበያ በሚውልበት አገር። ልጅ ሳለሁ «ጣልያን ለእስላም ደግ ነበር» የሚሉ ሽማግሌዎች ሰምቻለሁ። መስጊድ ሠራ፣ ዐረብኛ አስተማረ ይላሉ። እንዲያውም አዲስ አበባ ላይ ያ ሁሉ ደም በፈሰሰ በወሩ፣ በመጋቢት 1937 እ.ኤ.አ.፣ ሙሶሊኒ ትሪፖሊ ላይ «የእስልምና ሰይፍ» ተቀብሎ ጠባቂያችሁ እኔ ነኝ ብሏል። ጠባቂ! በዚያችው ሊቢያ ግራዚያኒ የሰኑሲዎችን ዛዊያዎች የዘጋ፣ ወደ 100,000 የሚጠጋ ሙስሊም በሽቦ አጥር ያጎረ፣ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩትንም በረሃብና በበሽታ የፈጀ ሰው ነው። ያም ሆኖ በ1928 ዓ.ም. በኦጋዴን በኩል ሲወርረን ሊቢያውያን ወታደሮችን ይዞ ነበር የመጣው።

ስለዚህ ነገርኳቸው፤ የሻለቃውን ነገር እማማ ባሉበት፣ ሳልሸፍን። እማማ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ዝም አሉ።

ልጄ ግን ፊልሙን በደንብ አይቶት ኖሯል። የሸኹ ተከታዮች አንድ ወጣት የጣልያን መኮንን ማርከው ሊገድሉት ሲሉ፣ እነሱም የኛን ይገድላሉ ብለው ሲከራከሯቸው፣ ሸኹ ጣልያኖች አስተማሪዎቻችን አይደሉም ብለው ምርኮኛውን የሚለቁበት ቦታ አለ።

«አባ፣» አለኝ፣ «እነዚያ ወታደሮች ሸኽ ዑመርን አያውቋቸውም ነበር?»

ምን ብዬ ልመልስለት? ሸኹ ከተሰቀሉ ገና ስድስተኛ ዓመቱ ነበር። ለደመወዝ ነው እንዳልል፣ ደመወዝ ይህን ያህል ያስደርጋል ወይ ይለኛል። ተገደው ነው እንዳልል፣ የማላውቀውን መናገር ይሆንብኛል። አላህ ይወቀው ብዬ ዝም አልኩ። እሱም ዝም አለ። የዚያን ዕለት ሌሊት ግን ምንጣፉ ላይ ሲገላበጥ ሰማሁት።

በማግስቱ ዓሥር ሰዓት ላይ እማማ ትኩስ ዳቦ በነጠላቸው ሸፍነው መጡ። ልጄን ጠርተው አጠገባቸው አስቀመጡና፣ «በል እስቲ ያን ባለመነጽሩን ሽማግሌ ድገምልኝ» አሉት፤ «ልጁን የማሩበት ጋ አድርገው።»