ኪዮስኩ ቀለም ሲቀይር

እትዬ አጀንዳቸውን በላስቲክ ጠፍረው ነበር የሚይዙት። ጥቁር፣ ደረቅ ሽፋን ያለው፣ በየገጹ አናት ላይ የእኛና የፈረንጆቹ ቀን ጎን ለጎን የታተመበት አጀንዳ። የመሥሪያ ቤታችን ጸሐፊ ነበሩ፤ ከዘበኛው እስከ ሥራ አስኪያጁ እትዬ ከማለት በቀር በስማቸው የሚጠራቸው አልነበረም። እኔ ገና ከኮሌጅ መውጣቴ ነው። ካዛንቺስ በነበረው ቢሯችን ፕሪንተር ውስጥ የተቀረቀረ ወረቀት እስብና ቫይረስ አጸዳ ነበር።

አለቃችን ዶክተሩ ከውጭ አገር ስብሰባ ሲመለሱ ፓልም ይዘው መጡ። ከመዳፍ የማትበልጥ፣ ስክሪኗ ላይ በቀጭን ብዕር የሚጻፍባት መሣሪያ። የመጀመሪያዋ፣ ፓይለት የተባለችው፣ ገበያ ላይ የዋለችው በፈረንጆቹ 1996 ነው፤ እኔ ያየኋት በእኛው 1996። በቁጥሩ ከሄድን አልዘገየንም። ዶክተሩ ወራቱን እያገላበጡ ሲያሳዩ እትዬ መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው ዝም ብለው ተመለከቱ። ኦገስት አልፎ ሴፕቴምበር ሲመጣ፣

«ጳጉሜስ የታለች?» አሉ።

ዶክተሩ ሳቁ። እትዬ አልሳቁም።

ፓልሟ የምትቀመጥበት ማቀፊያ ነበራት፤ ከኮምፒውተሩ ጋር በገመድ የተያያዘ፣ ከፊቱ አንዲት ቁልፍ ያለችው። ቁልፏ ስትጫን ቲሪሪም የሚል ድምፅ ይሰማል፣ የዶክተሩ ቀጠሮም ከመዳፋቸው ወደ ጠረጴዛቸው ይገለበጣል። ሆትሲንክ ይሉታል። ሌላው ሰው በድምፁ ሲደነቅ እኔን ግን አንድ ጥያቄ ያዘኝ፤ የት ገባ? አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ቢሮው ጭር ሲል ማሰስ ጀመርኩ። ሲ የተባለው ዲስክ፣ ከዚያ ፓልም የሚል ፎልደር፣ ከዚያ የዶክተሩ ፎልደር፣ ከዚያ ዴትቡክ፣ በመጨረሻም ዴትቡክ ዶት ዳት የምትባል አንዲት ፋይል። የሰውዬው የዓመት ጉዳይ በሙሉ እዚያች ውስጥ ነበር። ፎልደሩ የተሰየመው በአባታቸው ስም ሲሆን ከኋላው የራሳቸው ስም መነሻ ፊደል ብቻ ተለጥፎበታል። የፕሮግራሙ ሠሪዎች ሁለተኛውን ስም የቤተሰብ ስም አድርገው ነው የሚቆጥሩት። ዶክተሩን በአባታቸው ስም የሚጠራቸው እንግዲህ ይህ ኮምፒውተርና የውጭ አገር ሆቴል ብቻ ነበር።

ቦሌ ቤታቸውም ሌላ ኮምፒውተር ነበራቸው። ማታ እዚያ ቁልፏን ተጭነው ከመጡ፣ ጠዋት ቢሮ ውስጥ የሚደረገው ልውውጥ ከወትሮው ይንቀራፈፋል። ምክንያቱን እስካውቅ ሳምንታት ፈጀብኝ። ፓልሟ ለመጨረሻ ጊዜ ያገኘችውን ኮምፒውተር መለያ ቁጥር ይዛ ነው የምትዞረው። ጠዋት የምትገናኘው ከዚያው ጋር ከሆነ ታምነዋለች፤ የተነካ ቀጠሮ ሁሉ ምልክት ስለሚደረግበት ምልክት ያለበትን ብቻ ሰጥታው ትገላገላለች። ሌላ ኮምፒውተር ከሆነ ግን ምልክቱ አያስተማምንም፤ ማታ ቦሌ ላይ ተሰርዟል። ስለዚህ ከሀ እስከ ፐ፣ አዲስ እንደተሾመ የንብረት ክፍል ኃላፊ፣ አንድ በአንድ ቆጥሮ መረካከብ ነው። እኔ ፓልሟን የወደድኳት ያኔ ነው። ከማን ጋር እንዳደረች የማትረሳ ዕቃ አይቼ አላውቅም ነበር።

ዶክተሩን አይቼ እኔም ካላንደር አማረኝ። ፓልም የመግዛት አቅሙ ስላልነበረኝ በነጻ የሚገኝ የቀጠሮ ፕሮግራም ቢሮ ኮምፒውተሬ ላይ ጫንኩና ፋይሉን በ128 ሜጋባይት ፍላሽ አደረግኩት። ፍላሹን እንደ ዘመኑ ወግ በአንገቴ አንጠልጥዬ ነበር የምሄደው፤ የጊዜው ማዕተባችን ነው። አንድ ሰኞ ፕሮግራሙን ብከፍተው ባዶ ነው። ወሩ ከዳር እስከ ዳር ነጭ። ሦስት ወር ሙሉ የጻፍኩት የክፍያ ቀን፣ የእህቴ ልጅ ክርስትና፣ የጥርስ ሐኪም፣ አንዱም የለም። ፊቴ ሲለወጥ አይተው እትዬ ቡናዬን አቀረቡልኝና ምን እንደሆንኩ ጠየቁ። ነገርኳቸው።

እሳቸው ስለ ተላላኪያችን አወሩኝ። ደብዳቤ እንዲያደርስ ሲልኩት «ከአረንጓዴው ኪዮስክ ቀጥሎ ያለው ግቢ» ብለው ነግረውታል። ሄዶ፣ ዞሮ፣ ተመለሰና «ሰዎቹ ለቀዋል» አላቸው። ሰዎቹ ግን የትም አልሄዱም፤ ቤታቸው ቁጭ ብለው ደብዳቤውን እየጠበቁ ነበር። ኪዮስኩ ነው ሰማያዊ የተቀባው።

«አንተ ልጅ፣ ኪዮስኩን እይ እስቲ» አሉኝ።

አየሁ። ዊንዶውስ ለየዲስኩ ፊደል ያድላል። ኤ እና ቢ ከድሮ ጀምሮ የፍሎፒ ናቸው፣ ሲ ዋናው ዲስክ፣ የእኛ ኮምፒውተር ላይ ዲ የሲዲ ማጫወቻው፤ የቀረው ፊደል ቀድሞ ለተሰካ ነው። የእኔ ፍላሽ ሁልጊዜ ኢ ነበር፤ ፕሮግራሙም የሚያውቀው «ኢ ላይ ያለች ፋይል» ብሎ ነው። በዚያ ሰኞ ጠዋት የሒሳብ ክፍሏ ልጅ እኔ ሳልገባ የራሷን ፍላሽ ሰክታ ኢን ወስዳለች። የእኔው ኤፍ ሆነ። ፕሮግራሙ የሒሳብ ክፍልን ፍላሽ በርብሮ የእኔን ቀጠሮ አጣና «ሰዎቹ ለቀዋል» አለ። የእሷን ነቅዬ የእኔን ብሰካው ክርስትናውም የጥርስ ሐኪሙም ተመለሱ። ከዚያ በኋላ በዲስክ ማስተዳደሪያው ገብቼ ለፍላሼ ማንም የማይሻማውን ኬ ሰጠሁት። ይህ ግን በዚያች ኮምፒውተር ላይ ብቻ የሚሠራ መሆኑን ሌላ ቦታ ስሰካው ተማርኩ።

ፋይሉን በኖትፓድ የከፈትኩትም በዚያው ሰሞን ነው። ሚስጥር ይሆናል ብዬ ነበር፣ ተራ ጽሑፍ ሆኖ አገኘሁት። አይካለንደር የሚባለው ይህ አጻጻፍ ፍራንክ ዳውሰንና ዴሪክ ስቴነርሰን አዘጋጅተውት በፈረንጆቹ 1998 የወጣ ነው። ለየቀጠሮው መጀመሪያው፣ ማብቂያው፣ ርዕሱ በየመስመሩ ተጽፏል። እኔ ከጠዋቱ 3 ሰዓት የምለው እዚያ 9 ሆኖ ተቀምጧል፣ ይህም ሌላ ጣጣ ነው። ከሁሉ ያስገረመኝ ግን ዩአይዲ የሚል መስመር ነበር፤ ረጅም፣ ትርጉም የሌለው የፊደልና የቁጥር ድርድር። መለያ ነው። ፋይሉ ኢ ላይ ይሁን ኤፍ ላይ፣ ስሙም ቢቀየር፣ የክርስትናው ቀጠሮ መለያ ያው ነው። ሁለት ኮምፒውተር ላይ ሁለት ቅጂ ቢኖር ማመሳሰያው «ይኸ ያው ነው» የሚለው በእሱ ነው፤ ከዚያ የትኛው ኋላ እንደተስተካከለ አይቶ ይመርጣል። ፋይሉን ለማግኘት በኪዮስክ የሚመራው ፕሮግራም፣ ውስጡ ያለውን ቀጠሮ ግን እንደ እናት ያውቀዋል። የፋይሉን መለያ ለምን እንደዚሁ እንደማያደርጉት ሲገርመኝ ኖሯል።

ትንሽ ቆይቶ የሞዚላ ሰንበርድ የሚባል የቀጠሮ ፕሮግራም መጣ። እሱ ደግሞ ካላንደሩን የሚያስቀምጥበት ፎልደር ስም የሚጀምረው በስምንት የዘፈቀደ ፊደልና ቁጥር ነው፣ የሚገኘውም ዊንዶውስ ከዓይን በሚሰውረው ክፍል። በመጀመሪያ የት እንዳለ ብፈልግ ብፈልግ አጣሁት። ለካ በር ላይ ደላላ አስቀምጧል፤ ፕሮፋይልስ የምትባል ትንሽ የጽሑፍ ፋይል፣ ሥራዋ «ቤቱ እዚያ ነው» ማለት ብቻ። ፎልደሩን ወደ ሌላ ዲስክ አዛውሬ ደላላው ላይ አድራሻውን ባስተካክል ሰንበርድ ምንም ሳይል ተከትሎኝ መጣ። እሱም በፈረንጆቹ 2010 ቀረ፤ የሞዚላ ሰዎች ሥራውን ተንደርበርድ ወደሚባለው የኢሜይል ፕሮግራማቸው ተጨማሪ አዛወሩት።

አሁን ቀጠሮዬ ስልኬ ላይ ነው፣ እሱም የሚያመጣው ከሰርቨር። ፋይሏ በየትኛው ዲስክ፣ በየትኛው አገር እንዳለች አላውቅም፤ የሚሰካ ነገርም የለም፣ ቲሪሪም የሚልም የለም።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በፈረንጆቹ 2015 የወጣውን የአይካለንደር ማሟያ ሰነድ ሳነብ ግን ድንገት ቆምኩ። በሌሎች የዘመን አቆጣጠሮች የሚደጋገሙ ቀኖች እንዴት እንደሚጻፉ የሚደነግግ ነው። ከምሳሌዎቹ አንዱ ኢትዮጵያዊ ነው፤ 13ኛው ወር፣ የመጀመሪያው ቀን፣ መነሻው ሴፕቴምበር 6፣ 2013። ጳጉሜ 1 ቀን 2005 ማለት ነው። ወዲያው ስልክ አንስቼ እትዬ ጋ ደወልኩ፤ ጡረታ ከወጡ ቆይተዋል።

«እትዬ፣ ጳጉሜ ተገኘች!» አልኳቸው።

ዝም አሉ። ከጀርባ የሲኒ ድምፅ ይሰማል።

«የት ሄዳ ነበር?» አሉኝ።