«ማርሽ ቀንስ!» – የአንገቱ ትምህርት

ዛሬ ከፒያሳና ከቦሌ ወጣ ብለን ባሌ እንሂድ። አይዟችሁ፣ መሳፈሪያውን እኔ ከፍያለሁ።

እህቴ አግብታ የምትኖረው አንገቱ ነው፤ የሐረና ቡሉቅ ወረዳ ዋና ከተማ። ሮቤ አድራችሁ 14 ኪሎ ሜትር ስትሄዱ ጎባ ትገባላችሁ። ጉዱ ከጎባ በኋላ ነው። ቅጥቅጧ እያቃሰተች ሳነቴ አምባ ላይ ትወጣለች፤ ከፍታው 4,000 ሜትር ገደማ ነው። የቱሉ ዲምቱ ጫፍማ 4,377 ይደርሳል። ጥርሴ እየተንገጫገጨ በመስኮት ሳይ፣ አንድ ቀይ ቀበሮ ፍልፈል ላይ አድብቷል። ለእኛ ዞርም አላለልን። ይህ ፓርክ በ2016 ዓ.ም መጀመሪያ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል።

ከዚያ መንገዱ ወደ ሐረና ጫካ ቁልቁል ይወርዳል፤ ማንም ሳይተክለው ቡና ወደሚበቅልበት፣ ቀፎ ዛፍ ላይ ወደሚሰቀልበት አገር። ሾፌሩ ገና አፋፉ ላይ ሳለን ማርሽ ቀነሰ። ከጎኔ የተቀመጡ አዛውንት «ቁልቁለቱ መሀል ደርሶ ፍሬን የሚፈልግ ሾፌር የሚያገኘው ገደሉን ነው» አሉኝ። ሳቅሁ። ነገሩ የገባኝ በኋላ ነው።

አንገቱ ስደርስ ቤቱ ተቀውጧል። የ7 ዓመቱ የእህቴ ልጅ «እርሳሴን ቀማኝ» ብሎ የክፍል ጓደኛውን በድንጋይ ፈንክቶታል። «ወላጅ አምጣ» ተብሏል። እህቴ አለንጋ አንስታለች። ይሄኔ አማቷ ሲንቄያቸውን ከግድግዳ አወረዱና በእናትና በልጅ መሀል ቆሙ። ሲንቄ በአርሲና በባሌ ኦሮሞ ዘንድ ሴት ልጅ ስትዳር የምትሰጣት ቀጭን በትር ናት። ሰው አይመታባትም። ሴት ሲንቄ ይዛ መሀል ከገባች የሚደባደቡ ወንዶች እንኳ እጃቸውን ይሰበስባሉ። እህቴም አለንጋውን ጣለችና አለቀሰች።

እኔ ደግሞ እውነቱን ልንገራችሁ። ልጅ ሆኜ ስናደድ የሚያርፍብኝ ኩርኩምና አለንጋ ነበር። ንዴቴን አልቀነሰልኝም፤ መደበቅን ነው ያስተማረኝ። ዛሬ በ28 ዓመቴ ከእጮኛዬ ጋር ስጋጭ በር ወርውሬ የምወጣው፣ ሳምንት ሙሉ የማኮርፈው ለዚህ ይመስለኛል። እሷም ሰልችቷት ትታኝ ሄዳለች።

በማግስቱ «ወላጅ» ሆኜ ትምህርት ቤት ሄድኩ። አስተማሪዋ ወጣት ናት። ትጮህበታለች ብዬ ስጠብቅ ልጁን ዛፍ ሥር አስቀመጠችው። ኦሮምኛዬ ጉራማይሌ ቢሆንም ጥያቄዋ ገብቶኛል፤ «ድንጋዩን ከማንሳትህ በፊት ሰውነትህ የት ጋ ነው የነደደው?»

ልጁ ብዙ አሰበ። «ጆሮዬና እጄ» አለ።

«ጥሩ። ጆሮህ ሲግል ንዴት መጣ ማለት ነው። መናደድህ ጥፋት አይደለም፤ ድንጋዩ ነው ጥፋቱ።»

ከዚያ የተፈነከተውን ልጅ አስጠራችው። የኛው ጉድ ቁስሉን በዓይኑ አየ፣ ይቅርታ ጠየቀ። ያኛውም እርሳሱን መለሰ።

ይህ የእሷ ደግነት ብቻ አይደለም። በ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 36 ሕፃናት በትምህርት ቤት ከአካል ቅጣት ነፃ የመሆን መብት አላቸው። ስንቶቻችን እናውቃለን?

ስንመለስ ያ አዛውንት ትዝ አሉኝ። «የሳነቴ ሾፌር ማርሽ የሚቀንሰው የት ጋ ነው?» አልኩት፤ መኪና ነፍሱ ነው። «ከላይ!» አለ። «አንተስ?» ጆሮውን ያዘ።

እናንተም ቤት ትንሽ ልጅ ካለ ይህን ሞክሩ። አንደኛ፣ የንዴትን ስም አስተምሩት። አማርኛችን ለዚህ ድሃ አይደለም፤ ብስጭት አለ፣ ንዴት አለ፣ ኩርፊያ አለ፣ ቂም አለ። ስሙን ያወቀ «ተበሳጨሁ» ይላል፤ ያላወቀ እጁን ይሰነዝራል። ሁለተኛ፣ ትንፋሹን ስቦ ትኩስ ሻይ እንደሚያበርድ ሰው ቀስ አድርጎ እፍፍ ይበል። ረጅም ትንፋሽ የልብ ምትን ያረግባል። ግን በሰላሙ ጊዜ ነው የሚለማመደው፤ ጠቡ መሀል ትምህርት አይገባም። ሦስተኛ፣ ከቀዘቀዘ በኋላ ምከሩት፣ ያጠፋውንም ራሱ ያስተካክል። አራተኛና ከባዱ፣ እናንተ ስትናደዱ ያያችኋል።

ባለፈው ሳምንት እህቴ ደውላ «ልጅህ ደግሞ ተናደደ» አለችኝ።

«ድንጋይ አነሳ?»

«የለም፣ የራሱን ደብተር ቀደደ።»

ከሰው ግንባር ደብተር ይሻላል አልኳት። ስልኩን እንደዘጋሁ እኔም ትንፋሼን ስቤ፣ በር ወርውሬባት ለወጣሁት ልጅ ደወልኩ። «ይቅርታ» አልኳት። «አስብበታለሁ» ብላኛለች።

እስከዚያው ቸር እንሰንብት።