አንድ ቅዳሜ አይበቃም

ጋዜጠኝነት ተመርቄ በወጣሁ ሰሞን ስለ ትውልድ ከተማዬ ስለ አዲስ ቅዳም አንድ ጽሑፍ ጻፍኩ። ቅዳሜ ገበያ ዋልኩ፣ የከሰል ነጋዴዎች አነጋገርኩ፣ እሑድ በሚኒባስ ተመለስኩ። ገበሬው ማሳው ላይ ዲከረንስ ይተክላል፣ በመጀመሪያው ዓመት በችግኙ መሀል ጤፍ ይዘራል፣ ዛፉ አራት አምስት ዓመት ሲሞላው አክስሎ ይሸጣል፣ በገንዘቡ ቆርቆሮ ቤት ይሠራል። ርዕሱን «ድህነትን ያከሰለ ዛፍ» አልኩት። (በርዕሱ ኮርቼ ነበር፣ አትፍረዱብኝ።)

ከዚያ ዛፉን በሽታ መታው። የአጎቴም ማሳ ደረቀ። ልጠይቃቸው ስሄድ ሳይቆጡ፣ «አንድ ቅዳሜ አይተሽ ጻፍሽው» አሉኝ። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

ያን ዕለት ማታ መብራት ጠፍቷል። ደጃፍ ላይ ተቀምጠን ከማዶ ሁለት ብርሃን እናያለን። ለእኔ ሁለቱም አንድ ናቸው። «አንዱ የሶላር አምፖል ነው፣ አንዱ እሳት ነው። ቆይተሽ እዪው» አሉኝ። ቆየሁ። አንዱ ፍንክች አይልም። ሌላው ይደምቃል፣ ይደበዝዛል፣ መልሶ ይደምቃል።

በዚያው ሰሞን ስለ እንጦጦ ኦብዘርቫቶሪ ለመጻፍ ስለ ጋላክሲዎች እያነበብኩ ነበርና፣ የሰማይ ተመራማሪዎችም የሚያደርጉት ይህንኑ መሆኑ ገረመኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በብዙ ጋላክሲዎች መሀል ግዙፍ ብላክ ሆል አለ። አብዛኛው ዝም ያለ ነው። አንዳንዱ ግን ጋዝ ይስባል። ጋዙ ዙሪያውን እየተሽከረከረ ሲገባ ይግላል፣ ያበራል፣ አንዳንዴም የጋላክሲውን ከዋክብት ሁሉ በብርሃን ይበልጣል። እንዲህ ዓይነቱ «ንቁ ጋላክሲ» ይባላል። ችግሩ ከሩቅ ሲታይ ተራ ኮከብ መምሰሉ ነው።

ጀርመናዊው ኩኖ ሆፍማይስተር በ1929 እ.ኤ.አ. ብርሃኑ የሚለዋወጥ አንድ ነገር አግኝቶ ከተለዋዋጭ ከዋክብት ጋር መዘገበው፤ ቢኤል ላሰርቴ ተባለ። አርባ ዓመት ገደማ ኮከብ ሆኖ ኖረ። በ1968 ከዚያው ቦታ የሬዲዮ ሞገድ እንደሚመጣ ታወቀ፤ ቆይቶም በመቶ ሚሊዮኖች የብርሃን ዓመት ርቀት ያለ የጋላክሲ እምብርት ሆኖ ተገኘ። (እኔ የተሳሳትኩት ለጥቂት ዓመት ነው፣ ትንሽ ተጽናናሁ።)

ታዲያ በምን ይለያል? በሚለዋወጥበት መንገድ። የሚፈነዳ ኮከብ አንዴ ቦግ ብሎ ይከስማል። ብዙ ተለዋዋጭ ከዋክብት እንደ ሰዓት ጊዜያቸውን ጠብቀው ይደምቃሉ፣ ይደበዝዛሉ። የንቁ ጋላክሲ ብርሃን ግን ሥርዓት የለውም፤ በቀናት፣ በወራት፣ በዓመታት ያለ ቀጠሮ ይወጣል፣ ይወርዳል፤ አያቆምም። ለውጡ ሌላም ነገር ይናገራል። የእኛ ጋላክሲ ከዳር እስከ ዳር 100,000 የብርሃን ዓመት ያህል ነው። ብርሃኑ በሳምንት ውስጥ በጉልህ ከተለወጠ ግን፣ የሚያበራው ነገር ብርሃን በሳምንት ከሚሄደው ርቀት ብዙም ሊሰፋ አይችልም። እሳቱ ያለው ከአንድ ጠባብ ምድጃ ነው ማለት ነው።

ዘዴው ሁሉን አያገኝም። በአቧራ የተሸፈነውን ብላክ ሆል ሲለዋወጥ በተራ ብርሃን ማየት ይከብዳል። ስለዚህ ኢንፍራሬድና ኤክስሬይም ያስፈልጋል።

እንጦጦ ላይ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ባለው ተራራ ሁለት የአንድ ሜትር ቴሌስኮፖች ተተክለዋል፤ የአዲስ አበባ መብራት ግን ከሥር እየደመቀባቸው ነው። ቢሆንም አዲስ አበባ ውስጥ በንቁ ጋላክሲዎች ላይ ለዓመታት ተመራምረዋል። ኢትዮጵያ ውስጥ ሆና ተማሪዎችን ያሰለጠነችው ሚርያና ፖቪች በ2021 እ.ኤ.አ. የጆስሊን ቤል በርኔልን ሜዳሊያ የመጀመሪያዋ ተሸላሚ ሆናለች። ብዙው የሰማይ ቅኝት መረጃ ለሁሉም ክፍት ስለሆነ፣ ላፕቶፕና ትዕግሥት ያለው ተማሪ የራሱ ቴሌስኮፕ ባይኖረውም ይሠራል።

ቺሊ ውስጥ ያለው የቬራ ሩቢን ቴሌስኮፕ የመጀመሪያ ምስሎቹን በሰኔ 2025 እ.ኤ.አ. አሳይቷል። ዕቅዱ እያንዳንዱን የደቡብ ሰማይ ክፍል በአሥር ዓመት ውስጥ 800 ጊዜ ያህል ማንሳት ነው። ቁጥሩን ሳነብ አጎቴ ትዝ አሉኝ። ስለ አንዲት የብርሃን ነጥብ ለመናገር 800 ጊዜ ይመለሳሉ። እኔ ስለ አንድ ወረዳ ሕዝብ ለመናገር አንድ ቅዳሜ በቃኝ!

ጽሑፌ ሐሰት አልነበረውም። የዚያን ቅዳሜ እውነት ነበር። ስህተቱ የአንዱን ቀን ድምቀት የሁልጊዜ አድርጌ መጻፌ ነው። ያንን አንብቦ ማሳውን በሙሉ ዲከረንስ የተከለ ሰው ይኑር አይኑር አላውቅም፤ እንቅልፍ የሚነሳኝም እሱ ነው።

አላጠፋሁትም። ከርዕሱ ሥር ያየሁበትን ቀን ጻፍኩበት። የፊታችን ቅዳሜ ደግሞ ተመልሼ እሄዳለሁ፤ አጎቴ በዲከረንሱ ቦታ ምን እንደዘሩ አይቼ እመጣለሁ። ከዚያም የሚቀጥለውን።