ጨርቁን ያልሸመነ ሰፊ
«የዴቢያን ጥቅል ተንከባካቢ ልሆን ነው» ስላቸው ጓደኞቼ «ኮዱን አንተ ጻፍከው?» ይሉኛል። አልጻፍኩትም።

ከፈረስ መጋላ ወደ ማኪና ግርግር ስትገቡ መንገዱ ዳር የተደረደሩትን ልብስ ሰፊዎች እዩ። ጨርቁን አልሸመኑትም፤ በልካችን የሚያደርጉት ግን እነሱ ናቸው። የእኔም ሥራ ይኸው ነው፦ ሌላው የጻፈውን ሶፍትዌር ከኮምፒውተሩ ስርዓት ጋር ማስማማት፣ ሲቀደድም መጣፍ።

ዴቢያን እ.ኤ.አ. ከ1993 ጀምሮ በበጎ ፈቃደኞች የቆመ ነው። ጀማሪ ሥራውን ራሱ አይሰቅልም፤ ነባር አባል መርምሮ ይሰቅልለታል። ተንከባካቢው የተወው ጥቅል «ወላጅ አልባ» ይባላል።

የግዕዝ ፊደል የሚያሳየን አቢሲኒካ ፎንትም እዚያ ያለ ጥቅል ነው። ፊደሉ ቢሰበር አማርኛ የማያነብ ሰው ልብ አይለውም። እኛ ግን መስመሩን ሳንጨርስ እናውቃለን። ታዲያ መርፌውን ማን ያንሳ?